የጉበት ቫይረስ ሂሳብ በዋግ ኽምራ፦ ማን ይከፍላል? መቼ ይከፍላል?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 ባወጣው የሄፓታይተስ ሪፖርት ላይ የአሥር አገሮች ስም ተዘርዝሯል። ከዓለም የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ሸክም ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው በእነዚህ አገሮች ትከሻ ላይ ነው። ቻይና፣ ሕንድ፣ ኢንዶኔዥያ፣ ናይጄሪያ፣ ፓኪስታን፣ ባንግላዴሽ፣ ቬትናም፣ ፊሊፒንስና ሩሲያ አሉበት። ኢትዮጵያም አለችበት። ይህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ምንዛሪ፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ዋጋ ንረት ያወራል። ዛሬ ስለ ጉበት የማወራው፣ ጉበት በአማራ ክልል በዋግ ኽምራ ዞን የእርሻ፣ የጉልበትና የቤተሰብ ጥሪት ጉዳይ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። በዚያው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚሊዮን ሰዎች ሄፓታይተስ ቢ፣ 50 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ሄፓታይተስ ሲ በደማቸው ነበረባቸው። በዓመቱ 1.3 ሚሊዮን ሰው በዚህ ምክንያት ሞቷል፤ ከአሥሩ ስምንቱን የገደለው ቢ ነው። ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ካለባቸው ሰዎች መካከል መኖሩን የሚያውቁት 13 በመቶ ብቻ ናቸው። መድኃኒት የሚወስዱት 3 በመቶ ያህል ናቸው። ቀሪው ሕዝብ እያረሰ፣ እየነገደ፣ እየወለደ ይኖራል፤ ሕመሙ እስኪገለጥ ድረስ ማንም አያውቀውም።

በአገራችንስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመና በየቦታው የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ትንታኔ፣ የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት በአማካይ 7.4 በመቶ፣ የሲ ደግሞ 3.1 በመቶ መሆኑን አስልቷል። በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ከ8 በመቶ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ስርጭት ይባላል፤ እኛ ደፉ ላይ ቆመናል ማለት ነው። ለማነጻጸር፣ የአዋቂዎች የኤች አይ ቪ ስርጭት በ2008 ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 0.9 በመቶ ነበር። ስለ ኤች አይ ቪ በየትምህርት ቤቱ፣ በየቀበሌው፣ በየሬዲዮ ጣቢያው ለዓመታት ተነግሯል፤ መነገሩም ተገቢ ነበር። ከእሱ በብዙ እጥፍ በሚበልጥ ሕዝብ ደም ውስጥ ስላለው ቫይረስ ግን አብዛኛው ገበሬ የሚሰማው፣ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ሲባል ነው። ያን ጊዜ ቅጠል ይጨመቅለታል፤ አንዳንዱም ክንዱ ይተኮሳል።

ለአማራ ክልል የቀረበ ማስረጃ ከፈለግን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የደም ባንክ መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ደም የለገሱ 6,361 ሰዎች ውጤት ተመርምሮ ሄፓታይተስ ቢ በ4.7 በመቶው፣ ኤች አይ ቪ በ3.8 በመቶው፣ ሄፓታይተስ ሲ በ0.7 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ደም ሊለግስ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነኝ ብሎ የሚመጣ ወጣት ነው። ስለዚህ ይህን ቁጥር እኔ የማነበው እንደ ወለል ነው።

እንግዲህ ወደ ዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ወደ ሰቆጣ እንሂድ። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዋግ ኽምራን ሕዝብ 426,213 ብሎ ቆጥሮታል፤ ከመቶ ሰባቱ ብቻ የከተማ ነዋሪ ነው። አገራዊውን 7.4 በመቶ በዚህ ላይ ብናሰላ 31,500 ገደማ ሰው ይወጣል። ይህ ቆጠራ አይደለም፤ የአማካይ ስሌት ነው። አማካዩ ራሱ የተሠራው በአብዛኛው ሆስፒታል ከደረሱ ሰዎች፣ ማለትም ከእርጉዞች፣ ከደም ለጋሾችና ከታካሚዎች ነው። የዝቋላና የሰሃላ ቆላ፣ የጋዝጊብላና የደሃና ደጋ ከዚያ ዓይነቱ ጥናት ርቀው የኖሩ ናቸው። ቢሆንም የአንድን ነገር ወጪ ለመገመት የመጠኑን ደረጃ ማወቅ ይበቃል። እኛ የምናወራው ስለ ጥቂት መቶ በሽተኞች ሳይሆን፣ በአሥር ሺዎች ስለሚቆጠር ሕዝብ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው የሚለው ነው። መልሱ በኢኮኖሚ ዓይን ሲታይ በጣም ያሳስባል።

ሄፓታይተስ ቢ በጨቅላነት የያዘው ልጅ ቫይረሱን ዕድሜ ልኩን የመሸከም ዕድሉ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። አዋቂ ሆኖ የያዘው ሰው ግን ከሃያ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ በላይ ራሱ ያስወግደዋል። ስለዚህ ዛሬ በአዋቂው ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ በአብዛኛው የልጅነት ዕዳ ነው፤ ከእናት በወሊድ ጊዜ፣ ወይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቤት ውስጥ በቁስል፣ በጋራ ምላጭ፣ በስለት የመጣ። እንጥል ማስቆረጥ፣ የወተት ጥርስ ማስነቀል፣ በአንድ ምላጭ መገረዝ፣ ዋግምት፣ ንቅሳት፣ ቅንድብ መበጣት፦ ብዙዎቻችን በልጅነታችን ከእነዚህ በአንዱ ወይም በሌላው አልፈናል። አብሮ በመብላት፣ በመጨባበጥ፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት ግን አይተላለፍም። ይህን የምለው፣ ውጤቱን የሰማ ሰው ከገበታ ሲለይ ስለምሰማ ነው።

ኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባትን አምስት በሽታን በሚከላከለው ጥምር ክትባት ውስጥ አድርጋ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ክትባቱ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. በፊት የተወለደ ሁሉ ያልተከተበ ትውልድ ነው። ያ ትውልድ ዛሬ ማን ነው? ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ያለው፣ ሞፈር የሚጨብጠው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ወደ ሁመራና መተማ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው፣ የሚያስተምረውና ሰቆጣ ላይ ሱቅ የከፈተው ነው። ጉበት ደግሞ ቫይረሱ ከገባበት ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው የሚጎዳው። ሥር የሰደደ ቫይረስ ካለባቸው አዋቂዎች ከ20 እስከ 30 በመቶው ሲሮሲስ በሚባለው የጉበት ጠባሳ ወይም በጉበት ካንሰር ይያዛሉ። ሕመሙ ሰውን የሚጥለው በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ፣ ቤተሰቡ ከምንጊዜውም በላይ ጉልበቱን በሚፈልግበት ወቅት ነው።

ይህ በአንድ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚከፈል እንመልከት። በደሃና ወረዳ ከአምደወርቅ ራቅ ብሎ የሚኖር አንድ አባወራ በምሳሌነት እናስብ። ሁለት በሬ፣ ጥቂት ፍየሎች፣ ሦስት አራት ቀፎ ንብ አለው። ድካሙ ሲጀምረው ሥራ በዝቶብኝ ነው ይላል። ሆዱ ውኃ መቋጠር ሲጀምር ጠበል ይሄዳል፤ ከጠበሉ በፊትም በኋላም ቅጠል ይሞክራል። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ጤና ጣቢያው ሰቆጣ ወደሚገኘው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ይልከዋል። ከዚያ በላይ ምርመራ ሲያስፈልግ ወልድያ፣ ደሴ ወይም ባሕር ዳር ነው። አስታማሚ አብሮ ይሄዳል፤ የአልጋ፣ የምግብ፣ የመኪና ወጪ በእጥፍ ይሆናል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የዋግ ገበሬ ባንኩ በረቱ ነው። ፍየል ትሸጣለች፤ መጀመሪያ ወጠጤው፣ ቀጥሎ የምትወልደው። ማሩ ሳይደርስ ቀፎው ይሸጣል። ከዚያ አራጣ። መጨረሻ ላይ በሬው ይወጣል። በሬው ከወጣ በኋላ የሚመጣውን ግን የጤና ስታቲስቲክስ አይመዘግበውም። በሬ የሌለው ቤት መሬቱን ለእኩል ይሰጣል፤ የምርቱ ግማሽ በየዓመቱ ከቤቱ ይወጣል፤ አባወራው ቢድንም ባይድንም። ትልቁ ልጅ ትምህርቱን ትቶ የሰው ከብት ይጠብቃል ወይም ለቀን ሥራ ይሄዳል። እድሩ ቀብሩን ይችላል፤ በሬውን ግን አይተካም። ኢኮኖሚስቶች ድንገተኛ የጤና ወጪ ቤተሰብን ወደ ድህነት ይገፋል ሲሉ በአብዛኛው የሆስፒታሉን ደረሰኝ ይቆጥራሉ። በዋግ ትልቁ ኪሳራ ከደረሰኙ ውጭ ያለው ነው፤ የተሸጠው በሬ፣ ያልታረሰው ወቅትና ያቋረጠው ተማሪ።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም በእነዚህ ወረዳዎች የብዙ ቤተሰብ ዓመታዊ ማሟያ ሆኗል። የዚያ ፕሮግራም ዋና አሠራር ደግሞ በሥራ መሳተፍ ነው፤ እርከን መሥራት፣ መንገድ መጥረግ፣ ችግኝ መትከል። መሥራት የማይችል አባወራ ያለበት ቤት ቀጥታ ድጋፍ ወደሚያገኙት ይዛወራል። አንድ ሰው በጉበት ሕመም ከሥራ ሲወጣ መንግሥትም በሌላ ኪሱ ይከፍላል ለማለት ነው። የጤና በጀት ያልከፈለው ነገር በሴፍቲኔት በጀት ላይ ዞሮ ይመጣል።

ሌላም በር አለ። ከሰሜን ወሎና ከዋግ ወደ ዐረብ አገር መሄድ ለብዙ ወጣት የተሻለ ኑሮ ተስፋ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠራተኛ ሲቀበሉ የሚጠይቁት የሕክምና ምርመራ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲን ያካትታል፤ ቫይረሱ ከተገኘበት ሰውየው ብቁ አይደለም ይባላል። ስለዚህ ብዙ ወጣት ቫይረሱ እንዳለበት የሚያውቀው ለቪዛ በሄደበት ክሊኒክ ነው፤ ያውም ለደላላና ለፓስፖርት ገንዘብ ከተከፈለ፣ ምናልባትም ከብት ከተሸጠ በኋላ። ውጤቱን የሚነግረው ክሊኒክ የሚያክመው ክሊኒክ አይደለም። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመለሳል፤ ከፊሉም ሕጋዊውን መንገድ ትቶ በባሕር ይሞክራል። የመጀመሪያው ምርመራ በዚያ ክሊኒክ ሳይሆን በቀበሌው ጤና ጣቢያ ቢሆን ኖሮ፣ ዜናው ከምክርና ከክትትል ጋር ይደርሰው ነበር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። ሄፓታይተስ ቢን ከደም ጨርሶ የሚያወጣ መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ቫይረሱን የሚያስተኛ፣ ጉበትን የሚያተርፍ ግን አለ። ቴኖፎቪር ይባላል። በቀን አንድ ፍሬ ነው። ይህ መድኃኒት በአገራችን በሰፊው ገብቷል፤ ምክንያቱም የኤች አይ ቪ ሕክምና ዋና አካል ነው። ኤች አይ ቪ ያለበት ሰው በነፃ ያገኘዋል፤ ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ካለበት በዚያው ፍሬ ይታከማል። ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ያለበት ሰው ግን ለዓመታት የዚህ ዕድል ተካፋይ አልነበረም፤ በገዛ ገንዘቡ ይገዛል፣ ካልሆነም ይቀርበታል። አንድ ዓይነት ፍሬ፣ አንድ ዓይነት ፋብሪካ፣ ሁለት ዋጋ። ይህ የሆነው በማንም ክፋት አይደለም። የኤች አይ ቪ ገንዘብ ከአሜሪካ መንግሥትና ከግሎባል ፈንድ በመጣ ጊዜ ለአንድ በሽታ ተብሎ መጣ፤ ለሄፓታይተስ ግን እንዲህ ያለ ለጋሽ አልተነሣለትም። መድኃኒቱ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ፣ ያንዱን ሕመምተኛ ስም የያዘ ቅጽ ያስወጣዋል፣ የሌላውን ስም የያዘ ቅጽ አያስወጣውም። ለጋሹ ለወሰነው በሽታ የተመደበ በጀት የሚያመጣውን መዛባት ለማሳየት ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም።

ዋጋው ስንት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው የዓለም ገበያ መነሻ ዋጋ በወር 2.4 ዶላር ነው። መረጃ ከላኩ 26 አገሮች ውስጥ በዚህ ዋጋ ወይም ከዚያ በታች የገዙት ሰባቱ ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ ጥቂት ስለሚገዙ፣ ተበታትነው ስለሚገዙ፣ ወይም የመደራደር አቅም ስለሌላቸው የበለጠ ይከፍላሉ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ነፃ ሲደረግ ዶላሩ 57 ብር ገደማ ነበር። በ57 ብር ሂሳብ የወሩ መድኃኒት 137 ብር ነው። ዶላሩ 130 ብር ሲደርስ ይኸው ፍሬ 312 ብር ሆነ፤ በዓመት 3,700 ብር ገደማ። ይህ ደግሞ የጅምላ ዋጋ ነው፤ ማጓጓዣው፣ የመድኃኒት ቤቱ ትርፍና ከሰቆጣ ወጥቶ ለመግዛት የሚወጣው የመኪና ገንዘብ ይጨመርበታል። ወደ አገር የሚገባ መድኃኒት ዋጋ ከምንዛሪው ጋር ወዲያው ይወጣል፤ የፍየል ዋጋ ግን የሚወጣው የገበያው ሰው ገንዘብ ሲኖረው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ድርቅ ዝቋላን፣ ሰሃላንና አበርገሌን ሲመታ እንደታየው፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከብቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ ዋጋው ይወርዳል። ሕመምተኛው ገቢው በሚቀንስበት ዘመን ወጪው ይጨምራል።

መድኃኒቱ በእኛ አገር ይሠራል ወይ ለሚል መልሱ ከአዲስ አበባ መጥቷል። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከኖርዌይ ተመራማሪዎች ጋር የተጀመረው የሄፓታይተስ ቢ ክትትል ከ1,300 በላይ ሰዎችን መዝግቧል፤ ከሰሃራ በታች ካሉት አገሮች ከቀደሙት መካከል ነው። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት አንድ ነገር በግልጽ አሳይቷል። ሕክምናው ይቻላል፤ ለሞት ይበልጥ የተጋለጡት ግን ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ፣ ጉበታቸው ከተዳከመ በኋላ የመጡት ናቸው። ዘግይቶ መምጣት ይገድላል። ከደሃና የሚነሣው አባወራችን ደግሞ፣ የመንገዱንና የበሬውን ጉዳይ ካየን፣ የሚደርሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው።

በሲ ላይ ሌላ ታሪክ አለ። ሄፓታይተስ ሲ በሦስት ወር መድኃኒት ፈጽሞ ይድናል። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ገበያ ሲወጣ ሙሉ ሕክምናው 84 ሺህ ዶላር ነበር፤ ዛሬ ለድሃ አገሮች 60 ዶላር ገደማ ነው። በዚህ የዋጋ መውረድ ከሁሉ የተጠቀመችው ግብፅ ናት። ግብፅ ውስጥ ቫይረሱ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መንግሥት ብልሃርዝያን ለማጥፋት ባካሄደው የመርፌ ዘመቻ ነበር፤ መርፌው በሚገባ አይጸዳም ነበርና። መንግሥት ያመጣውን ዕዳ መንግሥቱ ራሱ ከፈለው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2018 እስከ ሚያዝያ 2019 በሰባት ወር 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መረመረ፤ በአገር ውስጥ በተመረተ መድኃኒት አከመ፤ የዓለም ባንክንም ብድር ተጠቀመ። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ጤና ድርጅት ግብፅ ሄፓታይተስ ሲን ወደ ማስወገድ ደረጃ እንደደረሰች መሰከረላት። ግብፅ ከእኛ ትበልጣለች፣ ገቢዋም ከፍ ያለ ነው፤ ያንን ዘመቻ እንዳለ ወደ ዋግ እንገልብጠው አልልም። ትምህርት የምወስደው ከሂሳብ አያያዙ ነው። ብድሩን ለጉበት ሲወስዱ ወደፊት የማይከፈለውን የሆስፒታል ወጪና የማይጠፋውን የሥራ ቀን በገቢ በኩል ጻፉት።

በውኃ ስለሚተላለፉት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ በአጭሩ ልበል። ኤ በአገራችን አብዛኛውን ሕፃን በልጅነቱ ነክቶት ያልፋል። ኢ ግን ጦርነትና ስደት ባለበት ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1988 እና 1989 በሰሜን ኢትዮጵያ በነበረው ጦር ውስጥ የተነሣውን የጉበት ወረርሽኝ ያጠኑት ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው ምክንያቱ ኢ መሆኑን አሳይተዋል። በጋምቤላ የስደተኞች መጠለያም እ.ኤ.አ. በ2014 ተነሥቷል። ይህ ቫይረስ እርጉዝ ሴትን ይጎዳል፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ከያዛት የመሞት ዕድሏ ከመቶ እስከ 25 ይደርሳል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ሰቆጣ ከደረሰ በኋላ ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀለው ሕዝብ በመጠለያ ኖሯል፤ በክልሉ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ለተፈናቃይ የሚቆፈር መጸዳጃና የሚታከም ውኃ የጉበት መከላከያ ነው፤ በእርዳታ ሰነድ ላይ ግን እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም።

አሁን ከሁሉ ርካሽ ወደሆነው ክፍያ እንምጣ። የሰቆጣ ስም በአገሪቱ የበጀት ሰነድ ውስጥ በየዓመቱ ይነሣል፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላልና። ቃል ኪዳኑ በተከዜ ተፋሰስ 33 ወረዳዎች ጀመረ። አስተሳሰቡ ኢኮኖሚያዊ ነው፦ ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1,000 ቀናት የወጣ ገንዘብ በኋላ ከሚወጣው ሁሉ ይበልጣል። ይህንን እኔም አምናለሁ። ከእነዚያ 1,000 ቀናት ውስጥ ለጉበት ወሳኙ አንድ ቀን ነው፤ ሕፃኑ የተወለደበት። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የሚሰጥ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከእናት የሚመጣውን ቫይረስ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመርነው መርሐ ግብር ግን የመጀመሪያውን ልክ ለስድስተኛው ሳምንት የቀጠረ ነበር። በአፍሪካ አህጉር ይህን የልደት ቀን ክትባት የሚያገኘው ሕፃን 18 በመቶ ብቻ ነው፤ ከዓለም አዲስ የቢ ሕመምተኞች ደግሞ 63 በመቶው ከዚህችው አህጉር ናቸው። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን መከተብ ስትጀምር ከአሥር ልጅ አንዱ ቫይረሱ ነበረበት፤ በአንድ ትውልድ ውስጥ ከመቶ አንድ በታች ወረደ፤ የልጆች የጉበት ካንሰርም ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ለዋግ ወጪውን እናስላው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ሕዝብና በአገራዊው የውልደት መጠን፣ ማለትም ከሺህ 32፣ በዞኑ በዓመት 13,600 ገደማ ሕፃን ይወለዳል። የአንድ ልክ ዋጋ ከግማሽ ዶላር በታች ነው። በግማሽ ዶላር ብናስበው እንኳ፣ በ130 ብር ምንዛሪ፣ ለዞኑ ሕፃናት ሁሉ የአንድ ዓመት ክትባት ከ900 ሺህ ብር በታች ነው። በሌላ በኩል አሁን ቫይረሱ አለባቸው ብለን ካሰላናቸው 31,500 ሰዎች ግማሹ መድኃኒት ቢያስፈልጋቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከግማሽ በላይ ያስፈልጋቸዋል ይላል፣ በጅምላ ዋጋ እንኳ በየዓመቱ 59 ሚሊዮን ብር ነው። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ሰዎችን ይመለከታሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን የዛሬው ሕፃን የነገ ወጪ ምን እንደሚሆን ያሳያሉ።

ከባዱ ነገር የክትባቱ ዋጋ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአገራችን ጤና ተቋም የምትወልደው እናት ግማሽ አትሞላም ነበር፤ 48 በመቶ ነበረች። ከጽጽቃ ወይም ከኒሯቅ ራቅ ባለ ጎጥ በቤቷ የወለደችን እናት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚያገኛት ማን ነው? የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት። እዚህ ላይ ይህ ክትባት አንድ ደግ ጠባይ አለው፤ በረዶ መሆን ያበላሸዋል እንጂ ሙቀትን ከሌሎቹ በተሻለ ይችላል፣ ለተወሰነ ጊዜም ከማቀዝቀዣ ውጭ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ትልቅ ማቀዝቀዣ ሳይሆን የባለሙያዋ የትራንስፖርት አበልና የወሊድ ዜና በጊዜ መድረሱ ነው። የክትባት ገንዘብ ዋና ምንጭ የሆነው ጋቪ ለልደት ቀን ክትባት ድጋፉን እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና ጀምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ አሜሪካ ለጋቪ የምትሰጠውን እንደምታቆም አስታውቃለች። ለጋሽ ሲወጣ ሥራው እንዳይወድቅ የክልሉ በጀት ከአሁኑ የራሱን ድርሻ በዚያ መደብ ላይ ቢጽፍ ይሻላል።

ከእርሻ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። እርጥበት በገባበት ማሽላና በቆሎ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ ጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ ደግሞ ኃይሉ እስከ 30 እጥፍ ይበረታል። ስለዚህ በቆላው ወረዳዎች የእህል አቀማመጥን የሚያሻሽል ማንኛውም ፕሮጀክት፣ የደረቅ ጎተራም ሆነ አየር የማያስገባ ከረጢት፣ በግብርና በጀት የተገዛ የካንሰር መከላከያ ነው። የሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልና የዞኑ ጤና መምሪያ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ይህ የመጀመሪያ አጀንዳቸው መሆን ይችላል።

ታዲያ ገንዘቡ ጥቂት ከሆነ ከየት ይጀመር? የእኔ ምርጫ የእርጉዞች ምርመራ ነው። የአንድ ፈጣን ምርመራ ዋጋ አንድ ዶላር ገደማ ነው፤ ለኤች አይ ቪ ምርመራ ደም ከምትሰጥ እናት ላይ በዚያው ጠብታ ደም ይሠራል። ቫይረሱ ከተገኘባት በእርግዝናዋ መጨረሻ ወራት ቴኖፎቪር ትወስዳለች፣ ልጇ በተወለደ ቀን ይከተባል፣ ባሏና ሌሎች ልጆቿም ይመረመራሉ። በቫይረሱ መጠን ላይ የሚደረገው ምርመራም በብዙ ሆስፒታሎች ለቲቢ በሚያገለግለው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ይሠራል፤ መግዛት የሚያስፈልገው ካርትሪጁን ብቻ ነው። ቀጥሎ የጤና ባለሙያዎች ራሳቸው ይከተቡ፤ ቫይረሱ ካለበት ሰው የወጣ መርፌ ያልተከተበን ነርስ ቢወጋ የመተላለፍ ዕድሉ ከ6 እስከ 30 በመቶ ሲሆን፣ ለኤች አይ ቪ 0.3 በመቶ ነው።

ሦስተኛው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ነው። መድህኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ሲጀምር ሐሳቡ አባወራው በሬውን ሳይሸጥ እንዲታከም ነበር። ቴኖፎቪር በመድህኑ የመድኃኒት ዝርዝር ላይ በመጻፉ ብቻ ግን ሕመምተኛው እጅ አይደርስም፤ መድኃኒቱ በሆስፒታሉ መደርደሪያ ላይ በየወሩ መገኘት አለበት። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን አባሉ መዋጮውን ከፍሎ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይሄዳል። ለዚህ ደግሞ መፍትሔው ግዢውን ማዕከላዊ ማድረግ ነው፤ ለኤች አይ ቪ የሚገዛውና ለሄፓታይተስ የሚገዛው ቴኖፎቪር በአንድ ጨረታ፣ በአንድ ብዛት፣ በ2.4 ዶላሩ ዋጋ ይገዛ። አንድ ጨረታ ከሆነ ቅጹ የማንን በሽታ ስም ቢይዝም መድኃኒቱ ከመጋዘኑ ይወጣል።